ብቻውን ለሚጫወት ሰው ዓለም ስለ መሥራት



የዛሬው ንግግሬ ስለ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ሲባል የልጆች ሥራ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ብዙ መሆኑን ዐውቃለሁ። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ከመዝገብና ከደብዳቤ ጋር ሲታገል የዋለ ሠራተኛ ማታ ቤቱ ሲገባ አእምሮውን በምን ያሳርፈው? የሚለው ጥያቄ የልጆች ጥያቄ አይደለም። ጓደኛ በቅርብ ያለው ሰው ቡናውን እየጠጣ ይጨዋወታል። ከዘመድ ርቆ በተመደበበት ከተማ በአንዲት ክፍል ብቻውን የሚያመሸው ግን ብዙ ጊዜ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ አንድም ሌላ ሰው የሠራውን ነገር በስልኩ መስተዋት ላይ ዝም ብሎ ሲመለከት ማምሸት፣ አንድም በጊዜ መተኛት ነው። ሦስተኛ መንገድ አለ። ይኸውም አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና ሁለት ዳይስ ይዞ ማንም ያልረገጠውን አገር ራሱ ሠርቶ ራሱ መጓዝ ነው።

በጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረገው የሚና ጨዋታ የሚባለው፣ ሦስት ወይም አራት ሰዎች አንድነት ተቀምጠው እያንዳንዳቸው አንድ የታሪክ ሰው ሆነው የሚናገሩበትና የሚወስኑበት፣ ከመካከላቸውም አንዱ ዳኛ ሆኖ አገሩን፣ የአየሩን ጠባይ፣ ጠላቱንና ወዳጁን የሚገልጽበት ጨዋታ ነው። ‹‹በሩን እከፍታለሁ›› ይላል ተጫዋቹ፤ ከበሩ በስተ ኋላ ያለውን የሚናገረው ዳኛው ነው። ነገሩ መሳካቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥርም ይፈርዳል። ገንዘብ የሚያዝበት ቁማር አይደለም፤ አሸናፊና ተሸናፊም የለበትም።

የእኛ አገር ልጆች ‹‹እንቆቅልህ›› ሲባሉ ‹‹ምን አውቅልህ›› ብለው፣ መልሱ ሲጠፋቸውም ‹‹አገር ስጠኝ›› ተብለው አይተውት የማያውቁትን አገር በቃል ብቻ ሲሰጡ፣ ተቀባዩም ያን አገር ገብቶ ያየውንና የበላውን ሲተርክ ያደመጠ ሰው የዚህ ጨዋታ መሠረት እንግዳ አይሆንበትም። አንዱ አገር ይሰጣል፤ ሌላው ይገባበታል። እንግዲህ ችግሩ ይህ ነው፤ ሰጪ በሌለበት ተቀባይ ምን ያደርጋል?

ወደዚህ ጥያቄ ከመድረሴ በፊት ነገሩ ከየት እንደ መጣ በአጭሩ ልናገር። ዘመኖቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1824 ጌዖርግ ፎን ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩስያ መኮንን ለመኮንኖች ማሠልጠኛ የሚሆን የጦርነት ጨዋታ አቅርቦ ነበር። በካርታ ላይ የሚደረግ፣ ዳይስና ዳኛ ያለበት ጨዋታ ነው። የዳኛው ሐሳብ ከዚያ ይወረሳል። የዓለም መሥራቱን ምሳሌ ግን ከጦር ሠፈር ይልቅ ከአንድ ቄስ ቤት ማምጣት እወዳለሁ። በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሽር፣ ሃዎርዝ በምትባል መንደር ይኖሩ የነበሩት ቄስ ፓትሪክ ብሮንቴ በ1826 ከሊድስ ከተማ ሲመለሱ ለወንድ ልጃቸው ለብራንዌል 12 የእንጨት ወታደሮች ይዘው መጡ። ሻርሎት፣ ብራንዌል፣ ኤሚሊና አን የተባሉት አራቱ ልጆች ለወታደሮቹ ስም አወጡላቸው፤ በአፍሪካ ምዕራብ ዳርቻ መንግሥት አቆሙላቸው፤ ካርታ ነደፉላቸው፤ በወታደሮቹ ቁመት ልክ የሆኑ፣ ፊደላቸው እንደ ጤፍ የደቀቀ መጻሕፍትና ጋዜጦች በእጃቸው ጽፈው ሰፉላቸው። ሻርሎትና ብራንዌል ኋላ አንግርያ የሚባለውን አገር ያዙ፤ ኤሚሊና አን ደግሞ ተለይተው ጎንዳል የምትባለውን ደሴት መሠረቱ። ይህ የልጅነት ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1845፣ ኤሚሊ የ26፣ አን የ25 ዓመት ሴቶች ሳሉ፣ ወደ ዮርክ በሄዱበት ጉዞ በመንገድ ላይ የጎንዳልን ሰዎች ሆነው ይጫወቱ እንደ ነበር ኤሚሊ በማስታወሻዋ ላይ ጽፋለች። ከጥቂት ዓመት በኋላም የእነዚያው እኅትማማች ልብ ወለድ መጻሕፍት ታትመው እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ጨዋታውን ከሥነ ጽሑፉ መለየት ለሚፈልግ ሰው ድንበሩን የት ላይ እንደሚተክለው እርሱ ይወቅ።

ዛሬ የምናውቀው የሚና ጨዋታ በመጽሐፍ መልክ የወጣው በ1974 ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ‹‹ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ›› የሚባለውን፣ በአንድ ሣጥን የገቡ ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት፣ በመጀመሪያው እትም 1,000 ያህል አሳትመው አወጡት። ብዙም ሳይቆይ ብቻውን የሚጫወተው ሰው ጥያቄ ተነሣ። ጋይጋክስ ራሱ በ1975 የጸደይ ወራት በወጣ መጽሔት ላይ ዳኛ ሳይኖር በዳይስ ብቻ የምድር ውስጥ ዋሻ የሚሠራበትን ሰንጠረዥ አሳተመ፤ ይህም በ1979 ለዳኞች በጻፈው መመሪያ ውስጥ በአባሪነት ገባ። መንገዱ በምን ያህል እርምጃ ላይ እንደሚታጠፍ፣ በሩ ወዴት እንደሚወስድ፣ ክፍሉ ባዶ መሆን አለመሆኑን ባለ 20 ፊት ዳይስ ይነግራል። ተጫዋቹ በባለ ካሬ ወረቀት ላይ እየሣለ ይቀጥላል። ሥራው ጥሩ ነው፤ ሆኖም ዋሻውን እንጂ ምክንያቱን አይሰጥም። ማን ቆፈረው? ለምን? አይልም።

ሌላው መንገድ ዓለሙን ጨርሶ በመጽሐፍ አዘጋጅቶ ለአንባቢ መስጠት ነበር። በ1976 ሪክ ሉሚስ ‹‹በፋሎ ካስል›› የምትባለውን ለአንድ ሰው ብቻ የተዘጋጀች መጽሐፍ አወጣ። በ1982 ደግሞ ስቲቭ ጃክሰንና ኢያን ሊቪንግስተን የተባሉ እንግሊዛውያን 400 ቁጥር የተሰጣቸው አንቀጾች ያሉበትን የእሳታዊውን ተራራ ጠንቋይ ታሪክ አሳተሙ። ‹‹ወደ ግራ ከሄድህ ይህን ቁጥር ክፈት፣ ወደ ቀኝ ከሄድህ ያንን›› እያለ የሚመራ ነው። ልጆች እየተሻሙ ገዙት። ነገር ግን በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው በሌላ ሰው ቤት ውስጥ እንደ ገባ እንግዳ ነው፤ በሩ ከተቆጠረ በኋላ ቤቱ ያልቃል። እኔ የማደንቀው ቤቱን እንግዳው ራሱ እየሠራ እንዲሄድ የሚያደርጉትን መሣሪያዎች ነው።

ከእነዚህም የመጀመሪያውን ስፍራ የምሰጠው በ1977 ማርክ ሚለር ላዘጋጀው ‹‹ትራቨለር››፣ ማለት ‹‹መንገደኛ›› ለሚባለው ጨዋታ ነው። ይህ ስለ ከዋክብት ጉዞ የሚናገር ሲሆን አንድ ሰው ብቻውን ሊጫወተው እንደሚችል በመጽሐፉ ውስጥ ተመልክቷል። ዓለም የሚሠራበትን አኳኋን ለማስረዳት ጥቂት ታገሡኝ፤ ፎርም መሙላት ለለመደ የመንግሥት ሠራተኛ የሚከብድ አይደለም።

በቁመት 10፣ በወርድ 8 ሆነው የተደረደሩ 80 ባለ ስድስት ማዕዘን ቤቶች ይነደፋሉ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ዳይስ ይጣላል፤ 4፣ 5 ወይም 6 ከወጣ በዚያ ስፍራ ዓለም አለ፤ ያለዚያ ባዶ ጠፈር ነው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓለም መዝገብ ይከፈትለታል። ስፋቱ፣ አየሩ፣ ውኃው፣ የሕዝቡ ብዛት፣ የመንግሥቱ ዓይነት፣ የሕጉ ጥብቅነት፣ እያንዳንዱ በአንድ ምልክት ይጻፋል። ሁለት ዳይስ ሲጣል ሊወጣ የሚችለው አጣጣል 36 ነው፤ ከነዚህ ውስጥ 7 የሚሰጠው 6 ጊዜ ሲሆን 2 ወይም 12 የሚሰጠው አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ መካከለኛው ነገር ይበዛል፤ እንግዳው ነገር ግን አልፎ አልፎ ይመጣል። በገሃዱ ዓለምም እንዲሁ ስለ ሆነ ካርታው ሐሰት አይመስልም።

አሁን አንድ ዓለም አብረን እንሥራ። ለስፋቱ ሁለቱን ዳይስ ስንጥል 7 ወጣ እንበል፤ ደንቡ 2 ቀንስ ስለሚል 5 ይሆናል፤ ይህም ወርዱ 8,000 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ ከእኛ መሬት ያነሰ ዓለም ነው። ለአየሩ 6 ወጣ፤ 7 ተቀንሶ የስፋቱ 5 ሲደመርበት 4 ይሆናል። በሰንጠረዡ 4 ማለት ስስና የተበከለ አየር፣ ያለ ማጣሪያ ጭምብል የማይተነፈስ ማለት ነው። ለሕዝቡ ብዛት 11 ወጣ፤ 2 ሲቀነስ 9 ነው፤ ይህም በቢልዮን የሚቆጠር ሕዝብ ነው። ለመንግሥቱ 5 ወጣ፤ 7 ተቀንሶ የሕዝቡ 9 ሲጨመር 7 ይሆናል፤ አንድ መንግሥት የለም፣ እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ ብዙ መንግሥታት ተካፍለውታል ማለት ነው። ለሕጉ 9 ወጣ፤ 7 ተቀንሶ የመንግሥቱ 7 ሲጨመር 9 ነው፤ ከቤት ውጭ ማንኛውንም መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቢልዮን ሕዝብ አየሩ በማይተነፈስበት ስፍራ ለምን ይኖራል? መንግሥታቱ ከተፎካከሩ ሕዝቡ መሣሪያ እንዳይዝ በምን ተስማሙ? ዳይሱ ይህን አይመልስም። ዳይሱ የሰጠን እርስ በርሳቸው የማይስማሙ አምስት ቁጥሮች ነው፤ የሚያስታርቃቸው የእኛ አእምሮ ነው። ምናልባት አየሩ ድሮ ንጹሕ ነበር፤ ሕዝቡ ከበዛ በኋላ ፋብሪካው አበላሸው ይሆናል። ምናልባትም ጭምብሉን የሚሠራው አንድ ማኅበር ብቻ ስለ ሆነ ከመንግሥታቱ ሁሉ በላይ የሚታዘዘው እርሱ ይሆናል፤ መሣሪያ የከለከለውም እርሱ ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በደብተራችሁ ላይ በጻፋችሁበት ሰዓት ዓለሙ ሕይወት አገኘ። ተቀምጣችሁ ‹‹አንድ አስደናቂ ዓለም ልፍጠር›› ብላችሁ ብትጀምሩ ኖሮ ይህ አይመጣላችሁም ነበር፤ ሰው ከራሱ ብቻ ሲቀዳ የሚያወጣው የለመደውን ነውና።

ይሁንና ዓለም መሥራትና በዓለሙ ውስጥ መጓዝ ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ብቻውን የሚጫወት ሰው የሚፈተነው በሁለተኛው ነው። ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ተከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ የሆነበት ችሎት ምን እንደሚመስል መገመት አያስቸግርም። ‹‹ጠባቂው ተኝቷል?›› ብሎ ይጠይቅና፣ ተኝቷል ብሎ ለራሱ ይመልሳል፤ ግምጃ ቤቱን ይከፍታል፤ ንጉሥ ይሆናል፤ በሦስተኛው ማታም ይሰለቸዋል። ፈቃዱን የሚቃወም ነገር የሌለበት ዓለም ሕልም ነው፤ ከሕልም ደግሞ ሰው ይነቃል።

መድኃኒቱ መላሽ ሰንጠረዥ ነው። በእንግሊዝኛ የሚሰጠው ስም የጥንት ንግርተኞችን የሚያስታውስ ስለ ሆነ ከጥንቆላ ጋር የሚያዛምደው ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን ስለ እውነተኛው ሕይወታችን ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው በወረቀት ላይ ስላለው ጠባቂ ብቻ ነው። በ2018 ሾን ቶምኪን ባወጣው፣ ‹‹አይረንስዎርን›› ወይም ‹‹በብረት የማለ›› ሊባል በሚችለው ጨዋታ ውስጥ ያለው ለሁሉም የቀለለ ይመስለኛል፤ መጽሐፉም በኤሌክትሮኒክ መልክ ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው። አዎን ወይም አይደለም ተብሎ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ትጠይቃላችሁ። ከመጣላችሁ በፊት ግን ነገሩ ምን ያህል የሚጠበቅ መሆኑን ትወስናላችሁ። ሁለት ባለ 10 ፊት ዳይስ ከ1 እስከ 100 ያለውን ቁጥር ይሰጣሉ። እርግጥ ሊባል የተቃረበ ነገር ከሆነ 11ና ከዚያ በላይ ሲወጣ አዎን ነው፤ የሚጠበቅ ከሆነ 26ና ከዚያ በላይ፤ እኩል በእኩል ከሆነ 51ና ከዚያ በላይ፤ የማይጠበቅ ከሆነ 76ና ከዚያ በላይ፤ ዕድሉ የጠበበ ከሆነ 91ና ከዚያ በላይ ነው። እንደ 44 ወይም 88 ያለ መንታ ቁጥር ከወጣ ደግሞ መልሱ ከተጠየቀው አልፎ እንግዳ ነገር ይዞ ይመጣል።

የዚህ ደንብ ብልሃቱ ከመጣል በፊት መወሰን የሚለው ነው። ግምትህን አስቀድመህ ጽፈህ ከፈረምህ በኋላ ውጤቱን አይተህ ግምቱን ልታሻሽል አትችልም። በመሥሪያ ቤት የጨረታ ሰነድ በታሸገ ፖስታ የሚገባበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ታና ፒጅን በ2003 ያወጣችው ‹‹ሚቲክ›› የሚባለው መሣሪያ ሌላ ነገር ይጨምራል። የሁከት ልክ የሚባል ከ1 እስከ 9 ያለ ቁጥር አለ፤ በ5 ይጀምራል። ነገሩ ከተጫዋቹ እጅ ሲወጣ ቁጥሩ በአንድ ከፍ ይላል፤ ሲረጋጋ በአንድ ይወርዳል። ተጫዋቹ ቀጥሎ ይሆናል ብሎ የሚጠብቀውን ሁኔታ ከጻፈ በኋላ ባለ 10 ፊት ዳይስ ይጥላል፤ የወጣው ከሁከቱ ልክ ካልበለጠ፣ ጎዶሎ ከሆነ ያሰበው ሁኔታ ይለወጣል፤ ሙሉ ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ጣልቃ ይገባል። መከራ መከራን ሲጠራው ማለት ነው። እኔ ግን ለጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት አልመክረውም፤ ደንቡን በመመልከት ብቻ ማታው ያልቃል።

ማታው ያልቃል ካልሁ አይቀር፣ ከዚህ የባሰ ወጥመድ አለ። ዓለሙን ሲሠራ ዓመት ፈጅቶ አንድ እርምጃ የማይጓዝ ሰው አለ። የነገሥታቱን የዘር ሐረግ ሰባት ትውልድ ይጽፋል፤ የገንዘቡን ምንዛሪ ያሰላል፤ ገዢና ሻጭ ግን በአገሩ የለም። ብዙ ጊዜ ይህ የሚደርሰው በጠንቃቃና በጥሩ ሠራተኛ ላይ ነው። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ስለ አገሩ ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፤ ስለ ባለታሪኩ አንድ ያልተፈጸመ ግዴታ ጻፉ፤ ካርታውን ከአንድ ቀን መንገድ በላይ አትንደፉ። የቀረውን ስትደርሱበት ጠይቁ።

ለምሳሌ ያህል ሦስቱ ነገሮች እነዚህ ይሁኑ። አገሩ ከባሕር የራቀ ደጋ ነው፤ ጨው ከውጭ ስለሚመጣ ሰው ሁሉ በጨው ነጋዴዎች ዕዳ ተይዟል፤ የመንግሥት ቃል የሚደርሰው በእግር መልእክተኛ ነው። ባለታሪኩ አዲስ የተሾመ መልእክተኛ ነው፤ ግዴታውም አንድ የታሸገ ደብዳቤ ከወንዙ ማዶ ላለች ከተማ ማድረስ ነው። ወንዙ ዳር ደረሰ። ድልድዩ ደኅና ነው? የሚጠበቅ ነው ብለን ጻፍን፤ 14 ወጣ። አይደለም፤ ፈርሷል። ያፈረሰው ሰው ነው? እኩል በእኩል፤ 63። አዎን። ለምን እንዳፈረሰው ለማወቅ ከሁለት የቃላት ዝርዝር አንድ አንድ ቃል በዳይስ እናወጣለን፤ ‹‹መሸሸግ›› እና ‹‹ዕዳ›› ወጣልን። ለካስ የድልድዩ ጠባቂ ራሱ ነው ያፈረሰው፤ ባለዕዳዎቹ ተሻግረው እንዳይዙት። በእጄ ያለው ደብዳቤ እርሱን የሚመለከት ነው? የማይጠበቅ ነው፤ 76ና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። 88 ወጣ። አዎን፤ መንታም ነው፤ እንግዳ ነገር አለበት።

ምን ይሁን? እኔ የምተረጉመው እንዲህ ነው። ጠባቂው ከሁለት ዓመት በፊት ዕዳው እንዲሠረዝለት አቤቱታ አስገብቶ ነበር። አቤቱታው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ቆይቶ አሁን ምላሹ ወጣ። ያ ምላሽ በመልእክተኛው ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ሰውየው ግን መጠበቅ ሰልችቶት ድልድዩን አፍርሶ ወንጀለኛ ሆኗል። መልእክተኛው የመንግሥት ሰው ስለ ሆነ ድልድይ ያፈረሰን ሰው ለዳኛ ማስታወቅ ይገባዋል። ደብዳቤውንም ለባለቤቱ በእጁ መስጠት ይገባዋል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማድረግ አይችልም፤ ሰውየው መታሰሩን ከፈራ አይቀርብምና።

ከሩብ ሰዓት በፊት ይህ ሰው አልነበረም። ማንም ደራሲ አልጻፈልንም፤ እኛም አስበን አላመጣነው፤ ቢሆንም አሁን ስለ እርሱ መወሰን አለብን። በጓደኛሞች መካከል የሚደረገው ጨዋታ ሳቅ አለው፤ ይህ የለውም፤ የጓደኛን ስፍራ ይተካል ብዬ አላታልላችሁም። ያለው ነገር ዝግ ብሎ የማሰብ ዕድል ነው። ማንም አይጠብቃችሁም፤ ውሳኔውን ለነገ ማታ ማሳደር ትችላላችሁ።

ስለ ዕቃው አንድ ቃል ልጨምር። ባለ 10 ፊት ዳይስ በሱቅ ካጣችሁ ከ0 እስከ 9 በትንንሽ ወረቀት ጽፋችሁ በኩባያ ውስጥ አቀላቅላችሁ ሁለት ጊዜ ማውጣት ይበቃል፤ የመጀመሪያውን ወረቀት መልሳችሁ መክተት ግን አትርሱ፤ ያለዚያ መንታ ቁጥር ከቶ አይወጣላችሁም። ሁለት ጊዜ 0 ሲወጣ 100 ተብሎ ይነበባል። ለቃላት ዝርዝር በመደርደሪያችሁ ላይ ያለውን መዝገበ ቃላት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ክፈቱ። ደብተሩን ግን እያንዳንዱን ጥያቄ፣ አስቀድሞ የተገመተውን ዕድልና የወጣውን ቁጥር እየመዘገባችሁ ያዙ፤ ከወር በኋላ ስታነቡት የጉዞ ታሪክ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

በዚህ በጀመርነው ጨዋታ ሳትጠየቅ የቀረች አንዲት ጥያቄ አለች። የደብዳቤው ምላሽ ይሁንታ ነው ወይስ እምቢታ? ፈጥናችሁ መጣል ያምራችሁ ይሆናል። ዕድሉን እኩል በእኩል ብላችሁ በደብተራችሁ ኅዳግ ላይ ጻፉ፤ ዳይሱን ግን አትንኩት። ማኅተሙ አልተሰበረም፤ መልእክተኛውም ገና ከወንዙ ወዲህ ነው።